የአውራ ጣት ሥር ሕመምና የመርፌ ሕክምናው

በካምፕ አስተማሪ መሆን ማለት ልጆችን ማስተማር ብቻ ሳይሆን የሰውን ሁሉ ወረቀት ማንበብም ማለት ነው። የራሽን ካርዱም፣ ከዘመድ የመጣው ደብዳቤም፣ የሐኪም ማዘዣውም ወደ መምህር ቤት ይመጣል። አንድ ምሽት በሰፈራችን የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ እናት የተጣጠፈች ወረቀት ይዘው መጡ። ወረቀቷ ገዳሪፍ ከሚገኝ አንድ የግል ሐኪም ቤት የተሰጠቻቸው ስትሆን «ትራያምሲኖሎን» የሚል የመድኃኒት ስም ተጽፎባታል።

«ልጄ፣ ይህ መርፌ አውራ ጣቴ ሥር ያለውን ሕመም ይነቅልልኛል ወይ? ሦስት ጊዜ መወጋት አለብዎት ብለውኛል። ሁለቱን ፍየሎቼን ልሸጥ ነው» አሉኝ።

የእኒያ ፍየሎች ወተት የልጅ ልጆቻቸው ምግብ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የመድኃኒት ጥያቄ ብቻ አልነበረም። እኔ ሐኪም ስላልሆንኩ በዚያ ምሽት የመለስኩላቸው «እማማ፣ ፍየሎቹን ሳይሸጡ ጥቂት ቀን ይስጡኝ» በማለት ነበር። ከዚያ በኋላ የክሊኒካችንን ጤና ረዳት ጠይቄና ያገኘሁትን አንብቤ የተረዳሁትን ለእርሳቸው እንዳስረዳኋቸው ሁሉ ለአንባብያንም እነሆ አቀርባለሁ። በወድ ኤል ሒለውና በአካባቢው ባሉ ካምፖች በዚህ ሕመም የሚቸገሩ እናቶች ጥቂት አይደሉምና።

ኮርቻውና ፈረሰኛው

ግራ እጅዎን ዘርግተው በቀኝ እጅዎ ጣት የአውራ ጣትዎን አጥንት ከላይ ወደ ታች እየዳሰሱ ይውረዱ። ከእጅ አንጓው ትንሽ ከፍ ብሎ አጥንቱ የሚያበቃበት ጎድጎድ ያለ ቦታ ያገኛሉ። የምንነጋገርበት መገጣጠሚያ ይህ ነው። በዚህ ቦታ የአውራ ጣት የመጀመሪያው አጥንት ትራፔዚየም በሚባል ትንሽ የአንጓ አጥንት ላይ ይቀመጣል። የሁለቱ አጥንቶች ቅርጽ እንደ ኮርቻና እንደ ፈረሰኛ ነው። ፈረሰኛው ወደ ፊትም፣ ወደ ኋላም፣ ወደ ጎንም ይወዛወዛል፤ ከኮርቻው ግን አይወድቅም። አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ሁሉ ጋር ተገናኝቶ እንጀራ ለመቁረስ፣ መርፌ ለመያዝና ጠመኔ ለመጨበጥ የቻለው በዚህ ቅርጽ ምክንያት ነው።

በጎ ነገር ሁሉ ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት እንዳሳየው፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጫፍ የአንድ ኪሎ ያህል ኃይል ብንቆነጥጥ በአውራ ጣቱ ሥር ባለው መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ 12 ኪሎ ይደርሳል። ይህንን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አላመኑኝም ነበር። ሆኖም ስለ መፈንቅል የተማሩትን ሲያስታውሱ ገባቸው፤ ጣቱ ረጅም እንጨት ነው፣ ሥሩ ደግሞ መደገፊያው ድንጋይ ነው።

የሁለቱ አጥንቶች ጫፍ ካርቲሌጅ በሚባል ለስላሳና አንሸራታች ነገር ተሸፍኗል። ይህ ሽፋን በዕድሜ ብዛት፣ በሥራ፣ በቀድሞ ጉዳት ወይም በዘር ምክንያት እየሳሳ ሲሄድ አጥንቱ ዳር ዳሩን እሾህ መሰል ትርፍ ያበቅላል፣ የመገጣጠሚያው ከረጢት ይቆጣል፣ ጅማቶቹም ይላላሉ። ሐኪሞች ኦስቲዮአርትራይተስ ይሉታል። እኛ በደፈናው ቁርጥማት እንለዋለን፤ ሱዳኖች ደግሞ ብዙውን የመገጣጠሚያ ሕመም «ሩጡባ» ሲሉት ይሰማል። ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል፤ በተለይም የወር አበባ ከቆመ በኋላ ባሉት ዓመታት።

ምልክቱ የታወቀ ነው። የማሰሮ ክዳን ሲከፍቱ፣ ልብስ ሲጨምቁ፣ ቁልፍ ሲያዞሩ፣ በወስፌ ስፌት ሲሰፉ አውራ ጣት ሥር ይወጋል። ሥራ ሲቆም ይቀንሳል። ጠዋት ጠዋት እጅ ይተሳሰራል፤ ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ አይቆይም። ሕመሙ ሲቆይ የአውራ ጣቱ ሥር ጎልቶ ይወጣና እጁ አራት ማዕዘን የመሰለ ቅርጽ ይይዛል።

የእኛን ሰው ሥራ ላስተዋለ ሕመሙ ከየት እንደሚባባስ አያጠያይቅም። በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ግራ እጅ ዘለላውን እየጨበጠ ቀኝ እጅ ማጭዱን ይስባል፤ ነዶው ይታሰራል፤ ይህ ከንጋት እስከ ማታ ለሳምንታት ይቀጥላል። በገዳሪፍ እርሻም ሆነ ከድንበሩ ማዶ በሑመራ ያጨደ ሁሉ ያውቀዋል። በቤት ውስጥ ደግሞ ውሃ በጄሪካን መሸከም፣ ሊጥ ማቡካት፣ ገንፎ ማገንፋት፣ እንዝርት ማሾር፣ የሰው ፀጉር መሥራት አለ። እንዝርትና ስፌት ከአገር ይዘናቸው የመጣናቸው ሙያዎች ናቸው። መገጣጠሚያውን ግን ያደክማሉ።

ሁሉም የአውራ ጣት ሕመም አንድ አይደለም

እዚህ ላይ ቆም ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነው። እኒያ እናት መርፌውን የፈለጉት አንዲት ጎረቤታቸው «በአንድ መርፌ ዳንኩ» ስላሏቸው ነበር። ጎረቤቲቱ አልዋሹም። ነገር ግን የእርሳቸው ሕመም ሌላ ነበር። ጣታቸው ሲታጠፍ እንደ መሳሪያ ምላጭ ቀጭ እያለ ይቆለፍ ነበር። ያ የመገጣጠሚያ ሳይሆን የጅማት ሕመም ነው፤ ጅማቱ በሚያልፍበት ጠባብ ቀለበት ውስጥ ሲያብጥ የሚመጣ ነው። ሕፃን ብዙ የሚያነሱ አራሶች ከአንጓው በላይ በአውራ ጣት በኩል የሚሰማቸው ሕመምም የጅማት ነው፤ ደ ኬርቬን ይባላል። ለእነዚህ ለሁለቱ የጅማት ሕመሞች የኮርቲዞን መርፌ ብዙ ጊዜ ጥሩ ውጤት ያስገኛል፤ አንዳንዱ ሰው በአንድ መርፌ ይገላገላል። ለተበላ መገጣጠሚያ ግን ነገሩ እንደዚያ አይደለም።

ሌሊት ሌሊት አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሃል ጣት የሚደነዝዙ ከሆነ የነርቭ መጫን ሊሆን ይችላል። ጣት ስሜት ካጣ፣ እሳት ሲነካው ካልተሰማው፣ በቆዳም ላይ የደበዘዘ ምልክት ካለ የሥጋ ደዌ እንዳይሆን በአስቸኳይ መታየት አለበት፤ በጊዜው ከተጀመረለት በመድኃኒት ይድናል። የሁለቱም እጆች ብዙ መገጣጠሚያዎች አብጠው ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ የሚተሳሰሩ ከሆነም ሌላ በሽታ ነው፤ ሕክምናውም ሌላ ነው። መገጣጠሚያው በድንገት ቀልቶ፣ ግሎ፣ አብጦ ትኩሳት ካለ ደግሞ ነገ የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ቀን ወደ ክሊኒክ ነው።

መርፌው ምንድን ነው?

በወረቀቷ ላይ የተጻፈው ትራያምሲኖሎን ኮርቲዞን ከሚባሉት መድኃኒቶች ወገን ነው። ኮርቲዞን በመገጣጠሚያ በሽተኛ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ ሲሆን፣ ሄንች፣ ኬንዳልና ራይክስታይን የተባሉት ሊቃውንት ስለዚሁ ሥራቸው በ1950 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። በ1951 ደግሞ ሆላንደር የተባለ የፊላደልፊያ ሐኪም መድኃኒቱን በቀጥታ ወደ መገጣጠሚያ ውስጥ በመርፌ መስጠት እንደሚቻል አሳየ። የዛሬውም አሠራር ከዚያ የመጣ ነው።

ሐኪሙ ቆዳውን በሚገባ ያጸዳል፣ አውራ ጣቱን ትንሽ ስቦ በሁለቱ አጥንቶች መካከል ክፍተት ይፈጥራል፣ በቀጭን መርፌም መድኃኒቱን ያስገባል። ብዙ ጊዜ ከማደንዘዣ ጋር ይቀላቀላል። መገጣጠሚያው ትንሽ ስለሆነ የሚገባው መጠን ከአንድ ሚሊ ሊትር ብዙም አይበልጥም። ቦታው ጠባብ በመሆኑ አንዳንድ ሐኪሞች በአልትራሳውንድ እየተመለከቱ ይወጋሉ። ይህንን የምዘረዝረው በከንቱ አይደለም። ይህ ሥራ ሥልጠና ይጠይቃል፤ መርፌ መውጋት የሚችል ሰው ሁሉ የሚችለው አይደለም።

መድኃኒቱ ቁጣውን ያበርዳል። እብጠቱና ሕመሙ ለጥቂት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ለጥቂት ወራት ሊቀንስ ይችላል። የሳሳውን ካርቲሌጅ ግን መልሶ አይተካም። «ይነቅልልኛል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ አይነቅልም ነው።

ይባስ ብሎ፣ ሊቃውንቱ ራሳቸው በጥቅሙ መጠን አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ አንድ ጥናት የአውራ ጣት ሥር ሕመም ያለባቸው 40 ሰዎች በሁለት ተከፍለው ለግማሾቹ ኮርቲዞን፣ ለግማሾቹ ተራ የጨው ውሃ ተወጋላቸው፤ የትኛው እንደተሰጣቸው አላወቁም። ከ24 ሳምንት በኋላ በሁለቱ ወገኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። የጨው ውሃ የተወጉትም አንዳንዶቹ ተሽሏቸው ነበር! ሕመሙ በራሱ ከፍ ዝቅ የሚል ከመሆኑም በላይ መወጋቱ ብቻ ተስፋ ይሰጣል። በ2018 የወጣው የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት መመሪያ ኮርቲዞንን በእጅ መገጣጠሚያ ውስጥ መውጋት በአጠቃላይ አይመከርም ሲል፣ በ2019 የተዘጋጀው የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ መመሪያ ደግሞ እንደ ሁኔታው ሊሰጥ ይችላል ይላል። እንግዲህ በሀብታም አገር ያሉ ሐኪሞች የሚከራከሩበትን ነገር የእኛ ሰው የወተት ፍየሉን ሸጦ «እርግጠኛ መድኃኒት» ብሎ መግዛቱ ያሳዝነኛል።

ሌሎችም መርፌዎች አሉ። አንደኛው ሃያሉሮኒክ አሲድ ነው፤ በጤነኛ መገጣጠሚያ ውስጥ ያለውን አለስላሽ ፈሳሽ የሚመስል ነው። ዋጋው ውድ ሲሆን፣ የአሜሪካው መመሪያ ለአውራ ጣት ሥር አይመክረውም። ሌላው ከሕመምተኛው ደም ተጣርቶ የሚወጋው ፕላዝማ ነው፤ መሣሪያው የሚገኘው በትልልቅ ከተሞች ነው፣ ጥቅሙም በዚህ መገጣጠሚያ ላይ ገና አልተረጋገጠም። በዚህኛው ብዙ አልቆይም።

በመቀመጫ ላይ የሚወጋው

ይበልጥ የሚያሳስበኝ በገበያ የሚወጋው መርፌ ነው። ሰው እጁን ያመዋል፣ ወደ መድኃኒት ሻጭ ይሄዳል፣ መቀመጫው ላይ ይወጋል። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ዲክሎፌናክ፣ ዴክሳሜታዞን ወይም ቫይታሚን ቢ ነው። ቫይታሚን ቢ ለተበላ መገጣጠሚያ አይረዳም። ዲክሎፌናክ ለአንድ ቀን ያስታግሳል፤ ክኒኑም እንዲሁ ያስታግሳል። በመቀመጫ ላይ ያለ ቦታው የተወጋ መርፌ ግን ትልቁን የእግር ነርቭ ሊመታና ሰውን አንካሳ ሊያደርግ ይችላል። ዴክሳሜታዞን ራሱ ከኮርቲዞን ወገን ነው፤ ሲወጉት ሰውነት ይቀልላል፣ ምግብ ይጥማል፣ ሰውም «ይኼ ነው መድኃኒት» ይላል። ሲደጋገም ግን ፊት ያብጣል፣ ስኳር ይጨምራል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ተደብቆ የቆየ የሳንባ ነቀርሳም ሊቀሰቀስ ይችላል። ለረጅም ጊዜ ሲወስድ የቆየ ሰው በድንገት ማቆም የለበትም፤ ለሐኪም ነግሮ ቀስ በቀስ ይተወዋል።

ሕዝባችን መርፌን የሚያምነው ያለ ምክንያት አይደለም። በሰቲትና በአትባራ ወንዞች አካባቢ፣ በገዳሪፍና በሑመራ ካላዛር የገደለው ሰው ብዙ ነው። ያ በሽታ ለ30 ቀን በየዕለቱ በሚሰጥ መርፌ ይታከም ነበር፤ በኋላም ሁለት መርፌዎችን በማጣመር ሕክምናው ወደ 17 ቀን አጠረ። በዚህ መርፌ ከሞት የተረፈ ወንድም ወይም ልጅ ያለው ሰው «ክኒን ምን ያደርግልኛል?» ቢል አልፈርድበትም። ሆኖም መርፌ መንገድ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። በመርፌ የሚገባው ነገር ለበሽታው የሚስማማ ካልሆነ መንገዱ አያድንም።

መንገዱ ራሱ ደግሞ አደጋ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ብቻ ንጹሕ ባልሆነ መርፌ ምክንያት በዓለም ላይ 21 ሚሊዮን ሰዎች በሄፓታይተስ ቢ፣ 2 ሚሊዮን በሄፓታይተስ ሲ፣ 260,000 ደግሞ በኤች.አይ.ቪ. ተይዘዋል።

ሐኪሙ መውጋት ይሻላል ካለ

ከላይ የተባለው ሁሉ መርፌው ክልክል ነው ለማለት አይደለም። ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሕመሙ እንቅልፍ የሚነሳ ከሆነ አንድ ጊዜ መሞከር ተገቢ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ከመወጋት በፊት ለሐኪሙ የሚነገሩ ነገሮች አሉ። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ስኳሩ ለበርካታ ቀናት ሊጨምር ስለሚችል መናገር አለበት። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ በእጁ ላይ ቁስል ያለበት፣ ትኩሳት ያለውም እንዲሁ። ቁስል ባለበት እጅ ላይ አይወጋም፤ ጀርሙ ወደ መገጣጠሚያው ሊገባ ይችላልና።

ከተወጉ በኋላ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን ሕመሙ ሊብስ ይችላል፤ ይህ ብዙ ጊዜ በራሱ ይበርዳል። ከዚያ በኋላ እየባሰ ከሄደ፣ ከቀላና ትኩሳት ካመጣ ግን መግል እየቋጠረ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ተመልሶ መታየት ያስፈልጋል። መርፌው የገባበት ቦታ ቆዳው ሊነጣና ከሥሩ ያለው ሥጋ ሊጎደጉድ ይችላል። በእኛ መልክ ላይ ይህ ንጣት ጎልቶ ይታያል፤ ለምጽ መስሏቸው የደነገጡ አሉ። ለምጽ አይደለም፣ ወደ ሌላ ሰውም አይተላለፍም፤ ግን ለወራት ሊቆይ ይችላል።

«ሦስት ጊዜ» የሚለውስ? የመጀመሪያው ሳይጠቅም ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አስቀድሞ መክፈል አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2017 በጉልበት ላይ የተደረገ ጥናት እንዳመለከተው፣ በየሦስት ወሩ ለሁለት ዓመት ትራያምሲኖሎን የተወጉት ሰዎች የጨው ውሃ ከተወጉት ይልቅ ካርቲሌጃቸው የበለጠ ሳስቷል፤ ሕመማቸው ግን ከእነዚያ አልተሻለም። ጉልበት አውራ ጣት ባይሆንም ማስጠንቀቂያነቱ ግልጽ ነው።

ፍየል ሳይሸጥ የሚደረግ

ሁለቱም መመሪያዎች የሚስማሙበት ነገር መደገፊያ ነው። የአሜሪካው መመሪያ ለአውራ ጣት ሥር ሕመም መደገፊያ ማሰርን አጥብቆ ይመክራል። በክሊኒክ የተዘጋጀው ካልተገኘ ጤና ረዳቱ በሰፊ ፋሻ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ፋሻው በአንጓው ዙሪያ ተጠምጥሞ፣ በአውራ ጣቱ ሥር ተሻግሮ እንደገና ወደ አንጓው ይመለሳል፤ የጣቱ ጫፍ ነፃ ይሆናል። ጥፍሩ ከጠቆረ ወይም ጣቱ ከደነዘዘ ጠብቋልና ይላላ። በሥራ ጊዜና በሌሊት ይታሰራል። በአንድ ሳምንት ውጤት አይጠበቅም፤ ቢያንስ ለሦስት ወር መታገሥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የአሠራር ለውጥ ነው። የቢላዋው፣ የማማሰያውና የማጭዱ እጀታ ቀጭን ከሆነ ጨርቅ ተጠቅልሎበት ይወፍር፤ እጀታ በወፈረ መጠን ቆንጥጦ መያዝ ይቀንሳል። ልብስ በጣት አይጠመዘዝ፤ በእንጨት ዙሪያ አዙሮ ሁለቱን ጫፍ በሙሉ እጅ መሳብ ወይም ውሃው እየተንጠፈጠፈ እንዲደርቅ መተው ይቻላል፤ የወድ ኤል ሒለው ፀሐይ ለዚህ አይሰስትም! ድስት በሁለት መዳፍ ይነሳ። አሥር ሊትር ሁለት ጊዜ መመላለስ ሃያ ሊትር አንድ ጊዜ ከመሸከም ይሻላል። ስፌትና እንዝርት ጨርሶ አይተዉ፤ በየግማሽ ሰዓቱ እጅ ይረፍ።

ሦስተኛ፣ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ። ጠዋት እጅን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት አቆይቶ የሻይ ብርጭቆ እንደያዙ አድርጎ አውራ ጣትን ክብ ማድረግ፣ ከዚያም መዘርጋት፤ አሥር ጊዜ። ጣትን የሚያስጮኽ መጎተት አይደረግ። ወጌሻ ለወለቀ መገጣጠሚያ ያለው ሙያ የሚናቅ ባይሆንም፣ የተበላን መገጣጠሚያ መጎተትና ማሸት ቁጣውን ያብሰዋል።

ከመድኃኒት በኩል ዲክሎፌናክ ቅባት ከተገኘ ከክኒን ይመረጣል፤ ጨጓራን እምብዛም አይነካምና። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ክኒን ከምግብ ጋር ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው፤ ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰውና እርጉዝ ሴት ሳይጠይቁ መውሰድ የለባቸውም።

ይህ ሁሉ አልበቃ ሲል ቀዶ ሕክምና አለ። እንግሊዛዊው ሐኪም ገርቪስ እ.ኤ.አ. በ1949 እንደገለጸው ትራፔዚየም የተባለውን አጥንት ማውጣት ይቻላል፤ ዛሬም ይሠራበታል። ለማገገም ግን ወራት ይፈጃል። በሱዳን ጦርነቱ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ወደ ካርቱም ሄዶ መታከም የቀድሞውን ያህል ቀላል ስላልሆነ በዚህ ብዙ ተስፋ አላስይዝም።

እኒያ እናት ፍየሎቹን አልሸጡም። ፋሻውን አስረው ሦስት ወር ቆዩ። ሕመሙ ቀነሰ፤ አልጠፋም። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ሲብስባቸው ልጃቸው ባገኘው የቀን ሥራ ገንዘብ ወደ ገዳሪፍ ሄደው አንድ መርፌ ተወጉ። ለሁለት ወር ያህል ደህና እንቅልፍ ተኙ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ተመለሰ። «ሁለተኛውን ልወጋ ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ «እርስዎ ያውቃሉ እማማ» አልኳቸው። እስካሁን አልተወጉም። ሞሰብ ግን መስፋት ጀምረዋል፤ ወስፌው እጀታ ላይ የአሮጌ ነጠላ ጨርቅ ጠምጥመውበታል።

ወደ ሱዳን ሐኪም ቤት ለሚሄዱና ዐረብኛ ለሚያስቸግራቸው የሚከተሉት ቃላት ይረዳሉ። አውራ ጣት «ኢብሃም»፣ መገጣጠሚያ «መፍሰል»፣ የመገጣጠሚያ መበላት «ኹሹና»፣ መርፌ መወጋት «ሑግና» ይባላል። የስኳር በሽታ ያለበት «ዓንዲ ሱከሪ» ይበል፤ መድኃኒት የማይስማማው «ዓንዲ ሐሳሲያ» ይበል። መርፌው ወደ መገጣጠሚያ ነው ወይስ ወደ ጡንቻ ብሎ ለመጠየቅ «ፊል መፍሰል ወላ ፊል ዓደል?» ይባላል። አዲስ መርፌ «ኢብራ ጀዲዳ» ነው፤ ከማሸጊያው ሲወጣ በዓይናችሁ እዩ።